ለፈረጅ የተመረጠው ካፖርት

ሱዓድ ሰው ስታይ መጀመሪያ የምታየው ልብሱን ነው፤ ፊቱን ኋላ ትደርስበታለች። ይህ ከሥራዋ የመጣ አመል ነው። ከሚሴ ገበያ ሰልባጅ መሸጥ ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል። ቦንዳው ተፈትቶ ልብሱ ሸራው ላይ ሲዘረገፍ፣ እጇን ሰደድ አድርጋ በመዳሰስ ብቻ የቱ ሱፍ፣ የቱ ጥጥ፣ የቱ ደግሞ ሱፍ መስሎ ሁለት ጊዜ ሲታጠብ የሚበተን አታላይ እንደሆነ ትለያለች። ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው ሹራብ ሊገዛ ቢመጣ ሳትጠይቀው አትሸጥለትም፤ የት ታድራለህ፣ ጠዋት በስንት ሰዓት ትወጣለህ፣ ሳል አለብህ ወይ? አንዳንዱ ሰልባጅ ሊገዛ መጥቶ ሐኪም ቤት የገባ እየመሰለው ይሄዳል።

ስጋቷ ግን ከሥራዋ የመጣ አይደለም፤ እሱ አብሯት የተወለደ ነው። ልጅ ሳለች እናቷ ውሃ ወርዳ ከዘገየች ቦርከና ወሰዳት ብላ ታለቅስ ነበር። ዛሬ ባል አግብታ፣ የራሷን ቦታ ይዛ፣ ደንበኛ አፍርታም ስልኳ ካለሰዓቱ ከጮኸ ማን ሞተ ብላ ነው የምታነሳው። ከጎኗ የላስቲክ ጫማ የምትሸጠው ነኢማ፣ ጭንቀት ያለቀበት ሰው ካለ ሱዓድ ጋ መጥቶ መሸመት ይችላል እያለች ትቀልድባታለች።

እውነቱን ለመናገር ግን ዘንድሮ ጭንቀቷ ምክንያት ነበረው። አምና በታህሳስ ባሏ ፈረጅ ማሽላ ሲጠብቅ ብርድ መታው። መጀመሪያ ጉንፋን ነው ተባለ፣ ከዚያ ሳል ሆነ፣ ከዚያ የሳንባ ምች። ሆስፒታል ተኝቶ ደረቱ እየተርገበገበ ሲተነፍስ እሷ አጠገቡ ተቀምጣ አብራው ትተነፍስ ነበር፤ እሷ ካቆመች እሱም የሚያቆም ይመስላት ነበር። አላህ አወጣው። ሐኪሙ ሲያሰናብተው ሳንባው እንደ ድሮው እንዳልሆነ፣ ሁለተኛ እንዲህ ከበረደውም ነገሩ እንደማይቀል ነገራቸው። ፈረጅ ይህን ሰምቶ ረሳው። ሱዓድ ግን ቃል በቃል ይዛዋለች።

የፈረጅ መሬት እንደ ብዙው ሰው ጨፋ ሜዳ ላይ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ። አባቱ ያወረሱት ማሳ ያለው ግን ሜዳው አልቆ ተራራው ከጀመረ በኋላ፣ ወደ ደጋው በሚያወጣው ዳገት ወገብ ላይ ነው። እዚያ ጠዋት ጤዛው እስከ ጉልበት ያረጥባል፣ ከላይ ውርጭ የነካው ነፋስ ይወርዳል፣ ጉሙም ሲፈልግ ቁጭ ብሎ ይውላል። ጉሙ ከተገለጠ ደግሞ ፀሐዩ ያቃጥላል። ማሽላ ከሚበላ ከርከሮ ጋር ሽቅብ ቁልቁል የሚሯሯጥ ሰው በአንድ ጠዋት ይበርደዋል፣ ያልበዋል፣ ከዚያም ላቡ ላይ እንደገና ይበርደዋል። ሱዓድ የምትፈራው ይህን የመጨረሻውን ነው፤ አምና ባሏን የጣለውም እሱ ነበር።

ዘንድሮ ደግሞ ከርከሮው በዛ። ማሽላው ገና ፍሬ ሲይዝ ጀምሮ በመንጋ እየመጣ ማሳ ያወድማል። ገበሬው ለቀበሌው አመለከተ፣ የአደን ፈቃድ ተገኘ፣ መሪም እንደ ወትሮው አያ አብዶ ሆኑ። አያ አብዶ ምንሽራቸውን ይዘው ከርከሮ ማሳደድ የጀመሩት ፈረጅ ሳይወለድ ነው፤ አንድ ጥይት አያባክኑም ይባላል። በዚያ አገር ደንብ ማሳ ያለው ሁሉ ለአደኑ ይወጣል፤ ጠመንጃ የሌለው ጦር ይዞ፣ ጦር የሌለው ውሻ እየሳበ ወይም ቆርቆሮ እየቀጠቀጠ። ሱዓድ በአንተ ፈንታ ሰው እንላክ ብላ ለመነችው። ፈረጅ ሳቀና የእኔን ማሽላ ሌላ ሰው እየበረደው ይጠብቅልኝ ወይ አላት። እሺ አላለችውም፤ ልክ መሆኑን ግን ታውቃለች።

ስለዚህ ልብሱን ልትመርጥ ተነሳች። በእጇ ያለው ነገር ይህ ብቻ ነበር።

የከሚሴ ሰው ብርድ ሲባል የሚያውቀው ጋቢ ነው፤ ፈረጅም አምና የለበሰው ጋቢ ነበር። ጋቢ ቤት ውስጥ ጌታ ነው፤ ጤዛ ሲነካው ግን ውሃውን ይጠጣና ይከብዳል፣ ከዚያ በኋላ ሰውየውን የሚያበርደው ራሱ ጋቢው ነው። እሱን ገና ከጅምሩ አስቀረችው። የቆዳ ጃኬት አወጣች፤ ነፋስ አያስገባም፣ ላብም አያስወጣም፣ ሲደርቅ ደግሞ እየተንጫጫ ከርከሮውን ከሩቅ ያስጠነቅቃል። ላባ የተሞላ ጃኬት አወጣች፤ ሙቀቱ ልዩ ነው፣ የግራር እሾህ አንዴ ከያዘው ግን ላባው እንደ ታረደ ዶሮ ይበተናል። ረጅም የሱፍ ካፖርት አነሳች፣ አገላብጣ አየችው፣ ይሄ ለሚቀመጥ ሽማግሌ እንጂ ለሚሮጥ ሰው አይሆንም ብላ መለሰችው።

ደግሞ የእጥበቱ ጉዳይ አለ። ከርከሮ ነጃሳ ነው፤ ሥጋው አይበላም፣ ሲገደል ለጅብ ይጣላል። ደሙ ወይም እርጥብ ገላው የነካው ልብስ በፈረጅ ቤት ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱን ጊዜ በአፈር፤ ያለዚያ አይሰገድበትም። አጣቢው ማን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም። አምና ከሆስፒታል እየተመላለሰች የከርከሮ ደም የነካውን የፈረጅን ጋቢ ስታጥብ የእጇ ቆዳ ተሰነጣጥቆ ነበር። እንግዲህ ልብሱ ሊሞቅ፣ ሊቀል፣ ድምፅ ላያሰማ፣ ውሃ ላይጠጣ፣ እሾህ ሊችል ነው፤ ይህን ሁሉ ችሎም ሰባት ጊዜ ታጥቦ ለጁምዓ ሊደርቅ ነው። እንዲህ ያለ ልብስ የሚሰፋ ሰው ካለ ሱዓድ እጁን ልትስም ዝግጁ ነበረች።

እንዲያ ስትብሰከሰክ ሰንብታ አንድ ጠዋት አዲስ ቦንዳ ስትፈታ፣ ከሕፃናት ሹራብና ከሴት ቀሚስ ሥር አገኘችው። አጭር ካፖርት ነው። ላዩ ላይ ቅጠል፣ ደረቅ ሣርና የዛፍ ቅርፊት ታትሞበታል፤ ኮሌታው ሥር በተሰፋችው ጨርቅ ላይ ቀንዳም እንስሳ ተስሏል። የፈረንጅ አዳኝ የሚለብሰው ነው። ውስጡ በዚፕ የሚነቀል ሌላ ጃኬት አለው፤ ጠዋት ሁለቱንም መልበስ፣ ሲሞቅ የውስጡን መንቀል፣ ነፋስ ሲነሳ እንደገና መመለስ ይቻላል። ብብቱ ሥር ላብ የሚወጣበት ክፍተት አለ፣ እሱም በዚፕ ይዘጋል። ጨርቁን አሸችው፤ ድምፅ የለውም። ውሃ አፈሰሰችበት፤ ውሃው ተንከባሎ ወረደ። በእሾህ ሞከረችው፤ አልተቀደደም። ሱዓድ ገበያ መሃል መሆኗን ረስታ ፊቷን ካፖርቱ ውስጥ ቀበረችና አልሃምዱሊላህ አለች።

ደስታዋን ያደፈረሰችው ነኢማ ናት። ይህ ልብስ ከሩቅ የወታደር አይመስልም ወይ፣ መንገድ ላይ አንዱ ቢጠረጥረውስ አለቻት። ሱዓድ አዲስ ጭንቀት ሲሰጧት አትመልስም፤ ተቀበለች። ካፖርቱን ስታወጣ ስታስገባ ከረመች። ቀለም ልትነክረው አሰበች፤ ውሃ መመለሱን ቢተውስ ብላ ፈራች። በመጨረሻ መላ መጣላት። ፈረጅ ከከተማው ሲወጣ ካፖርቱን ጆንያ ውስጥ ይከተዋል፤ የሚለብሰው ዳገቱ ላይ፣ ከሚያውቁት ሰዎች መሃል ከገባ በኋላ ብቻ ነው። እዚያ ፈረጅን ማን ይስተዋል? ይህን ካሰበች በኋላ ልቧ ረጋ። ቀለሙ የሚያመጣውን አደጋ ሁሉ የዘጋች መሰላት።

ፈረጅ የሄደው ከዙሁር ሰላት በኋላ ነው። ዳገቱ ላይ ከሚኖረው ወንድሙ ቤት አድሮ በማግስቱ ጠዋት አደን ሊገባ ነው። ሱዓድ ከሥር የሚለበስ ስስ የሱፍ ሹራብ፣ ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያና ትርፍ ካልሲ ጨመረችለት፤ ጆንያውን አሰረች፣ ፈታች፣ አየች፣ መልሳ አሰረች። እሱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። ከቁም ነገር ልትነግረው የፈለገችው አንድ ነገር ነበር።

«ላዩን እስክትመለስ አታውልቀው» አለችው። «ከሞቀህ የውስጡን ንቀል፣ ዚፑን ክፈት፣ የፈለግኸውን አድርግ። ላዩን ግን ለአንድ አፍታም ቢሆን አታውልቀው። ቃል ግባልኝ።»

«አብሽሪ» አላት። «ቃሌ ነው። ካላመንሽኝ እላዬ ላይ ስፊውና ልሂድ።»

አልሳቀችም። እሱም ሳቁን ትቶ እንደገና ቃሌ ነው አላት። ጆንያውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ዳገቱ መንገድ ሲታጠፍ እያየችው ቆመች፤ ብዙ ጊዜ ከሄደ በኋላ የሚይዛት ፍርሃት ያን ቀን ቀለል አለላት።

በማግስቱ ጠዋት ሸራዋን ዘርግታ ልብስ ስታጥፍ የአያ አብዶ ልጅ ፊርደውስ መጣች። በኦሮምኛ «አካም ቡልቴ»፣ እንዴት አደርሽ፣ ተባባሉ። ፊርደውስ ከፌስታል ውስጥ ሱሪ አወጣች። አያ አብዶ ሰሞኑን፣ ሱዓድ ልትሰግድ ሄዳ ነኢማ ሸራውን ስትጠብቅላት፣ ለራሳቸው መርጠው የወሰዱት ነው። የሴት ሱሪ ሆኖ ተገኝቷል፤ ኪሱ ላይ አበባ ተጠልፎበታል። ሱዓድ ሳቀች። አያ አብዶን የሚያህል ሰው አበባ ያለው ሱሪ ለብሶ ቢታይ ከሚሴ ለዓመት የሚበቃ ወሬ ታገኝ ነበር። ፊርደውስ ግን አብራት አልሳቀችም። ወዲያና ወዲህ አየችና ጠጋ አለቻት።

«አበባውን አላዩትም» አለች። «ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል። ቀለሙ ከጀርባው ካለው ነገር ጋር ከተመሳሰለ ሰውም ይሁን ግንድ አይለዩም። የሚንቀሳቀስ ነገር ብቻ ነው የሚታያቸው። ጠመንጃውን አስቀምጥ እንዳይሏቸው ለማንም እንዳልናገር አስምለውኛል። አንቺም ለማንም አትንገሪ፤ ብቻ ከቅርብ ሲያዩት የሚለዩት ደማቅ ነገር ምረጪልኝ።»

ሱዓድ ያጠፈችው ልብስ ከእጇ ወደቀ። ያን ካፖርት ስትመርጥ ብርዱን አሰበች፣ ላቡን አሰበች፣ እሾሁን፣ እጥበቱን፣ መንገድ ላይ የሚጠረጥረውን ሰው እንኳ አሰበች። ልብሱ የተሠራው ለምን እንደሆነ ግን አላሰበችም። ልብሱ የተሠራው ሰው ጫካ ውስጥ እንዳይታይ ነው። እሷ ደግሞ ዓይኑ ከማያይ ሰው ጠመንጃ ፊት ለፊት ባሏን ቅጠል አልብሳ ሰደደችው፤ እንዳያወልቀውም ቃል አስገባችው።

ደወለች። ስልኩ አይሠራም። ወንድሙ ጋ ደወለች፤ እሱም ያው። ዳገቱ ላይ ኔትወርክ የሚገኘው አንድ ድንጋይ ላይ ሲወጡ ነው፣ ከርከሮ የሚያሳድድ ሰው ደግሞ ድንጋይ ላይ አይቆምም። ከክምሩ ውስጥ መንገድ ሠራተኞች የሚለብሱትን ብርቱካናማ ሰደርያ ጎትታ አወጣች፣ ነኢማን ሸራውን አደራ አለች፣ ባጃጅ ላይ ወጣች። ባጃጁ መንገዱ እስካለ ወሰዳት። ከዚያ በኋላ ያለው የእግር ነው።

ሱዓድ የገበያ ሰው ናት፤ ዳገት አትወድም። ያን ቀን ግን በጥድፊያ ወጣች። ጉሙ ማሳውን ሁሉ አልብሶታል፤ ከታች ከሚሴ ፀሐይ ላይ ነበረች፣ እዚህ ግን ጣቷ ደነዘዘ። መንገዱ ዳር ያለውን ቁጥቋጦ ባየች ቁጥር ልቧ ይደነግጣል፤ ደረቁ ሣር፣ ቅርፊቱ፣ የወደቀው ቅጠል፣ ሁሉም ያ ካፖርት ነው። ያ ረቢ፣ እኔን ውሰድና እሱን ተው አለች። ደግሞ ይህን ማለቷ ራሱ መጥፎ ዕድል እንዳያመጣ ፈርታ አስተግፊሩላህ አለች።

ከላይ አንዲት ሴት ባዶ ጀሪካን ይዛ ስትወርድ አገኘቻት። ሴትየዋ ሱዓድ እንዴት እንደምታለከልክ አይታ «ኦብሲ፣ ቀስ በይ» አለቻት። ሱዓድ ሰዎቹ የት እንዳሉ ጠየቀቻት። ሴትየዋ ከምንጩ ነው የምትመጣው፤ ውሃ ሳትቀዳ ነው የተመለሰችው። በጦር የተወጋ ከርከሮ ሲሸሽ ምንጩ ውስጥ ወድቆ ሞቷል፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚጠጣው ከዚያ ነው፣ ወንዶቹ ሊያወጡት ወርደዋል። ፈረጅ አብሯቸው ነው? አዎ፣ አብሯቸው ነው። አያ አብዶስ? እሳቸው ከምንጩ በላይ ጠመንጃቸውን ይዘው ሌላ እንዳይመጣ ይጠብቃሉ። ሱዓድ የቀረውን አልሰማችም።

ሮጠች። ከላይ ውሻ ይጮሃል፣ ከሩቅ ቆርቆሮ ይቀጠቀጣል። ሰው ነው፣ አትተኩሱ ብላ ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ ትንፋሿ ድምፅ አልሆን አላት። ነፋስ ተነሳ፣ ጉሙ ሳሳ አለ፣ ወዲያው ጠመንጃው ጮኸ።

አንዴ ብቻ ነው የጮኸው። አያ አብዶ ጥይት አያባክኑም።

ስትደርስ አያ አብዶ አንድ የክትክታ ቁጥቋጦ ዳር ቆመዋል፤ ምንሽሩ አፈሙዙ ወደ መሬት ተንጠልጥሏል። እግራቸው ሥር፣ ከቅጠሉና ከሣሩ ጋር ተደባልቆ፣ ካፖርቱ ተዘርግቶ ወድቋል። አጠገቡ ተንበረከከች። ካፖርቱ የቱ ጋ እንደሚጀምር፣ መሬቱ የቱ ጋ እንደሚያልቅ ዓይኗ መለየት አቃተው፤ ስለዚህ በእጇ ፈለገችው። ኮሌታውን አገኘች። ትከሻውን አገኘች። ደረቱ ላይ ጣቷ ቀዳዳ ውስጥ ገባ። ወደ ውስጥ ሰደደችው፤ ትኩስ ደም፣ ሥጋ፣ አጥንት እየጠበቀች ሰደደችው። እጇ የነካው ጨርቅ ነው። እንደገና ዳሰሰች፤ ጨርቅ ብቻ ነው። ካፖርቱ ውስጥ ሰው የለም።

«ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ ልጄ» አሉ አያ አብዶ፤ ድምፃቸው በጭንቅ ነው የሚሰማው። «ቡናማ ነገር ክትክታው ላይ ሲንቀሳቀስ አየሁ።»

ከዚያም መሬቱ ላይ ተቀመጡ። ጠመንጃውን ከራሳቸው አራቁት።

ፈረጅ ከታች ከምንጩ በኩል ወጣ። በሸሚዝ ብቻ ነው፤ እስከ ጭኑ ረጥቧል፣ ከንፈሩ ጠቁሯል፣ እጁ ላይ የከርከሮው ገመድ ተጠምጥሟል። ተኩሱን ሰምቷል፤ አያ አብዶ ሌላ ከርከሮ መጣል አለባቸው ብሎ ነው የወጣው። አያ አብዶ ለምን መሬት ላይ እንደተቀመጡ አላስተዋለም። ያየው ሚስቱን ነው፤ ከከሚሴ ድረስ መጥታ፣ እንዳያወልቀው ቃል ያስገባችውን ካፖርት ታቅፋ ተንበርክካለች። ፊቱ በሐፍረት ወረደ።

«አፉ በይኝ፣ ሱዓድ» አላት፤ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ ነበር። «ቃሌን አፈረስሁ። ከርከሮው ውሃው ውስጥ ወድቆ ነው። ስንጎትተው ካፖርቱን ከነካው ሰባት ጊዜ ልታጥቢው ነው፣ እጅሽ አምና እንዴት እንደሆነ አይቻለሁ። ሹራቡንም ካፖርቱንም አውልቄ ክትክታው ላይ ሰቀልኋቸው። ለትንሽ ጊዜ ነው ብዬ ነው።»

ሱዓድ ልትመልስለት ፈለገች። ቃሉን አክብሮ ለብሶት ቢሆን ኖሮ አሁን የምታቅፈው ሬሳውን ነበር። ይህን ልትነግረው ፈልጋ አፏን ከፈተች፣ የመጣው ግን ልቅሶ ብቻ ነው። ተነስታ ያዘችው፤ ሸሚዙ እርጥብ ነው፣ ገላው እንደ በረዶ ቀዝቅዟል፣ ደረቷ ላይ ስታስጠጋው አምና የምታውቀው ሳል ከውስጡ ሲነሳ ሰማችው። የበለጠ አጥብቃ ያዘችው።

ፈረጅ የምታለቅሰው ተቆጥታ መሰለው።

«ወላሂ፣ ሁለተኛ አላወልቀውም» አላት።